ለውሃ ብዬ ያነሣሁት አምፑል ፖታሲየም ነበር፦ የሌሊት ተረኞች፣ እናንተ እንዴት ታደርጋላችሁ?

ጀማሪዋ ነርስ | ሰኞ፣ ከጠዋቱ 3:20

ከሌሊት ተረኝነት ወጥቼ ቤቴ ገብቻለሁ፤ እንቅልፍ ግን እምቢ አለኝ። ለማንም ሳልናገር እዚህ እጽፋለሁ።

ከተቀጠርኩ 7ኛ ወሬ ነው። የምሠራው በአንድ ሆስፒታል የውስጥ ደዌ ክፍል ነው፤ ሌሊት ሁለት ነርሶች ነን፣ 34 አልጋ አለ። ሌሊት 6 ሰዓት የሴፍትሪያክሶን፣ በውሃ ተበጥብጦ የሚሰጠው አንቲባዮቲክ፣ ሰዓት ነበር። ብልቃጦቹን ትሪ ላይ ደርድሬ በተራ እበጠብጣለሁ። አራቱን ጨረስኩ። ለአምስተኛው ለመርፌ የሚሆነውን ውሃ ከካርቶኑ አነሣሁ፣ አንገቱን ጠምዝዤ ከፈትኩ፣ በሲሪንጅ ቀዳሁ። ልክ ያን ጊዜ መብራት ጠፋ። ጄኔሬተሩ እስኪነሣ ስልኬን አበራሁና ባዶውን አምፑል ልጥል ስል ብርሃኑ ጽሑፉ ላይ አረፈ። ፖታሲየም ክሎራይድ ይላል፤ በቀጥታ ደም ሥር ከገባ ልብ የሚያቆመው።

ውሃው ፕላስቲክ፣ 10 ሚሊ ሊትር፣ ጥርት ያለ። ይኼም ፕላስቲክ፣ 10 ሚሊ ሊትር፣ ጥርት ያለ። ከውሃው ካርቶን ውስጥ ሦስት ፍሬ ተቀላቅሎ ተገኘ። ሲሪንጁን አስቀምጬ ወንበር ላይ ቁጭ አልኩ። መድኃኒቱ የሚሰጣቸው አባት እንቅልፍ ወስዷቸዋል፤ ባለቤታቸው ጋቢ ተከናንበው ከአልጋው ሥር ተኝተዋል። መብራት ባይጠፋ ኖሮ ብዬ ሳስብ እስካሁን ጉልበቴ ይንቀጠቀጣል።

ሁለት ነገር ልጠይቅ። አንደኛ፣ ማንም አልተጎዳም፤ ለክፍል ኃላፊዬ ልናገር ወይስ ልተወው? ሁለተኛ፣ አምስቱን ትክክለኛዎች አውቃቸዋለሁ፦ ትክክለኛ በሽተኛ፣ ትክክለኛ መድኃኒት፣ ትክክለኛ መጠን፣ ትክክለኛ መንገድ፣ ትክክለኛ ሰዓት። በፈተናም ሙሉ ነጥብ አግኝቼባቸዋለሁ። ነገር ግን ሌሊት 6 ሰዓት ላይ፣ አምስት ብልቃጥ ፊት ለፊቴ ተደርድሮ፣ የት ገቡ?

---

የድሮ ነርስ | ሰኞ፣ ከጠዋቱ 3:55

ልጄ፣ መጀመሪያ ውሃ ጠጪና ተረጋጊ። ሰውየው ቁርሳቸውን በልተዋል፤ እሱን ያዢ።

22 ዓመት በዚህ ሥራ ላይ ቆይቻለሁ። አምስቱ ትክክለኛዎች የት ገቡ ላልሽው፣ እነሱ ግብ ናቸው እንጂ አሠራር አይደሉም። «ትክክለኛ መድኃኒት» ማለት እጅ ምን ያድርግ፣ ዓይን የት ይመልከት አይልም። እኛን ያስተማሩን መምህርት ሌላ ነገር ጨምረውልን ነበር፦ ጽሑፉን ሦስት ጊዜ አንብቡ። ከመደርደሪያ ስታነሡ አንድ፣ ስትቀዱ ሁለት፣ ባዶውን ስትጥሉ ወይም ስትመልሱ ሦስት። ስንሰማው ሦስተኛው ከንቱ ይመስለን ነበር፤ መድኃኒቱ ከተቀዳ በኋላ ባዶ ማንበብ ለምን ይጠቅማል እያልን እንስቅ ነበር። አንቺን ያዳነሽ ሦስተኛው ነው። ሳታስቢው አነበብሽው።

ከዚህ በኋላ በአፍሽ አንብቢው። በልብሽ ሳይሆን በአፍሽ። ዓይን የለመደውን ያያል፤ ካርቶኑ «ውሃ» ካለ ዓይን በውስጡ ያለውን ሁሉ ውሃ ያደርገዋል። ምላስ ግን ፊደል ካልተመለከተ ቃል አያወጣም። ሰው ይስቅብኛል ብለሽ አትፈሪ፤ እኔ ላይ 22 ዓመት ስቀዋል።

ሁለተኛው፣ አምስት ሰው በአንድ ትሪ አታዘጋጂ። ጊዜ ቆጠብኩ ትያለሽ፤ በኋላ ግን ስም ያልተጻፈበት አምስት ተመሳሳይ ሲሪንጅ ይዘሽ ትሄጃለሽ። የአንድ ሰው አዘጋጂ፣ ስጪ፣ ፈርሚ፣ ተመለሺ። የግድ ከሆነብሽ ደግሞ እያንዳንዱ ሲሪንጅ ላይ በፕላስተር የአልጋ ቁጥር፣ ስምና መድኃኒት ሳይጻፍበት ከእጅሽ አይውረድ።

---

ልቤ ደረቅ | ሰኞ፣ ከቀኑ 5:10

እኔ እውነቱን ልንገርሽ፤ ለማንም አትናገሪ። ባለፈው ዓመት የሥራ ባልደረባዬ የተሳሳተ ሰዓት ላይ መድኃኒት ሰጠሁ ብሎ በቅንነት ጻፈ። ምንም ጉዳት አልደረሰም። የመጣለት መልስ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያና የ5 ቀን ደመወዝ ቅጣት ነው። ከዚያ ወዲህ በእኛ ክፍል ስሕተት «የለም»። ንጹሕ ነን።

---

ጀማሪዋ ነርስ | ሰኞ፣ ከቀኑ 5:25

የፈራሁትም ይኼንኑ ነው። የሙከራ ጊዜዬን ከጨረስኩ ገና ወር አልሞላኝም።

---

ከሲልቨር ስፕሪንግ | ሰኞ፣ ከምሽቱ 1:40

ከሜሪላንድ ነው የምጽፈው፤ አዲስ አበባ 6 ዓመት፣ እዚህ 11 ዓመት ነርስ ሆኛለሁ። ልቤ ደረቅ ያለውን አልነቅፍም፤ ፍርሃቱ ከባዶ አልመጣም። እዚህ አገር ሁላችንም የምናውቀውን አንድ ጉዳይ ልንገራችሁ።

በታኅሣሥ 2017 እ.ኤ.አ. በቴነሲ ግዛት ናሽቪል ከተማ ራዶንዳ ቮት የተባለች ነርስ ለአንዲት የ75 ዓመት በሽተኛ ሚዳዞላም እንድትሰጥ ታዘዘች። ሴትየዋ ምርመራ ሊደረግላቸው ነበርና ጭንቀታቸው እንዲረግብ ነው። መድኃኒቱ የሚወጣው ከኮምፒውተራማ ቁም ሣጥን ነው። ነርሷ የንግድ ስሙን፣ ቨርሰድን፣ የመጀመሪያ ሁለት ፊደላት ጻፈች፤ ማሽኑ ግን በመሠረታዊ ስሙ ነው የሚፈልገው። ስላላገኘችው የማሽኑን ገደብ የሚያልፈውን ትእዛዝ ተጠቀመችና በእነዚያው ፊደላት የሚጀምረውን ቬኩሮኒየም አወጣች። ቬኩሮኒየም የመተንፈሻ ጡንቻን ጨምሮ ሰውነትን ሽባ የሚያደርግ የቀዶ ሕክምና መድኃኒት ነው። ሚዳዞላም ፈሳሽ ሆኖ ነው የሚመጣው፤ ይኼ ግን ዱቄት ነበር። ዱቄቱን በጠበጠችው። ሴትየዋ ሞቱ። በመጋቢት 2022 እ.ኤ.አ. በቸልተኝነት ሰው በመግደል ጥፋተኛ ተባለች፤ በግንቦት 3 ዓመት የገደብ ቅጣት ተፈረደባት። የሙያ ፈቃዷም ተሰርዟል።

ያን ሰሞን በእኛ ክፍል የነበረው ዝምታ እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ። ነርሷ ስሕተቷን ከመጀመሪያው አልካደችም፤ ስለዚህ ብዙዎቹ «መናገር ምን አተረፈላት?» አሉ። እኔን ግን ያስጨነቀኝ ዱቄቱ ነው። እጇ የማያውቀውን ሥራ እየሠራ ነበር። «ይኼ መድኃኒት መቼ ነው የሚበጠበጠው?» ብሎ የሚያስቆም አንድ ሰከንድ ነበረ፤ አለፈ።

እዚህ የበሽተኛው የእጅ አምባርም የመድኃኒቱም ኮድ በማሽን ይነበባል፤ ካልተገናኙ ማሽኑ ይጮኻል። ቢሆንም በቀን 40 ጊዜ ያለ ምክንያት የሚጮኽ ማሽን ማንም አይሰማውም። ስለዚህ እህቴ፣ መሣሪያ ስለሌለን ነው አትበዪ። ሰው ሳይጎዳ የተያዘ ስሕተት ደግሞ ለመናገር ከሁሉም የቀለለው ነው። ካርቶኑ ውስጥ ሁለት ፍሬ ቀርቷል እኮ! ነገ ሌሊት የሚያነሣው ማነው?

---

መድኃኒት ቤት | ሰኞ፣ ከምሽቱ 2:30

ፋርማሲስት ነኝ። ሁለቱ ፍሬዎች አሁን የት ናቸው? ሌላውን ሁሉ ትተሽ ይህን መልሺልኝ።

---

ጀማሪዋ ነርስ | ሰኞ፣ ከምሽቱ 2:34

ቦርሳዬ ውስጥ። ይዣቸው ወጣሁ። ሌላ የማደርገው አልመጣልኝም።

---

መድኃኒት ቤት | ሰኞ፣ ከምሽቱ 3:05

እሺ፤ ነገ ለመድኃኒት ቤታችሁ አስረክቢያቸው። እንግዲህ ከእኔ ወገን ያለውን ላስረዳ።

በአንድ አምፑል ብዙውን ጊዜ ያለው 20 ሚሊሞል (የፖታሲየም መጠን መለኪያ ነው) ፖታሲየም ነው። በቀጥታ ደም ሥር ውስጥ ከተገፋ የልብን ምት ያቆማል፤ ለማረም ጊዜ አይሰጥም። በትልቅ ፈሳሽ ተቀላቅሎ ብቻ ነው የሚሰጠው፦ በተራ ክፍል፣ በእጅ ደም ሥር ሲሆን በ1 ሊትር ከ40 ሚሊሞል ሳይበልጥ፣ በሰዓትም ከ10 ሚሊሞል ሳያልፍ። ከረጢቱ ውስጥ ከጨመራችሁ በኋላ ደጋግማችሁ ገለባብጡት፤ አለዚያ ፖታሲየሙ ወደ ታች ይዘቅጥና የመጀመሪያው ጠብታ ከታዘዘው እጅግ የበዛ ይሆናል። ከረጢቱ ተሰቅሎ እያለ የሚጨምር ሰው ካያችሁ እጁን ያዙት። በሽተኛው ሽንት እንደሚሸናም አረጋግጡ።

የዓለም ጤና ድርጅት ይህ የተከማቸ ፖታሲየም ከየክፍሉ መደርደሪያ እንዲወጣ ከመከረ ቆይቷል፤ በ2007 እ.ኤ.አ. ካወጣቸው ዘጠኝ የበሽተኛ ደኅንነት መፍትሔዎች አንዱ ይኸው ነው። ስለዚህ ጥያቄው «ነርሷ ለምን አላነበበችም?» ብቻ አይደለም፤ «አምፑሉ እዚያ ምን ይሠራል?» ነው።

ከሴፍትሪያክሶን ጋር ስለተያያዘ ሁለት ነገር ልጨምር። አንዳንዱ ካርቶን ለጡንቻ መርፌ የሚሆን የሊዶካይን (የማደንዘዣ) መበጥበጫ ይዞ ይመጣል፤ በእሱ የተበጠበጠ ብልቃጥ ደም ሥር ውስጥ ፈጽሞ አይገባም። ሌላው፣ ሪንገር ላክቴት በሚባለው የደም ሥር ፈሳሽ ውስጥ ካልሲየም ስላለ ሴፍትሪያክሶንን በእሱ አትበጥብጡ፣ በዚያው መስመርም አብራችሁ አታስገቡ፤ ጠጣር ይሠራል። ለአራስ ልጅ ከሆነ ካልሲየም ያለበት ፈሳሽ እየተሰጠው ሴፍትሪያክሶን ጭራሽ አይሰጠውም።

በቀለምም አትመኑ። «ሰማያዊው ክዳን» እያላችሁ የምትለምዱት ጨረታው ሌላ አቅራቢ ሲያገኝ ይቀየራል።

ሪፖርትን በተመለከተ፣ የመድኃኒት ችግር የሚነገርበት የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣን ቢጫ ቅጽ አለ። ብዙ ሰው ለሽፍታና ለማሳከክ ብቻ የተሠራ ይመስለዋል፤ የአሰጣጥ ስሕተትና የጥራት ጉድለትም ይሞላበታል።

---

ጤና ጣቢያ | ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 2:15

እኔ የምሠራው ከወረዳ ከተማ 40 ኪሎ ሜትር ወጣ ብሎ ነው፤ ፖታሲየም የለንም፣ የእኛ አስፈሪ በእርግዝና ለሚመጣ መንቀጥቀጥ የሚሰጠው ማግኒዚየም ሰልፌት ነው። እናት እየተንቀጠቀጠች በቃሬዛ ትመጣለች፣ ቤተሰብ ይጮኻል፣ አምቡላንሱ መንገድ ላይ ነው፤ ያን ጊዜ ነው ሒሳብ የሚሠራው።

ስለዚህ ሒሳቡን በሰላሙ ጊዜ ሠርቼ ማዋለጃው ክፍል ግድግዳ ላይ ለጥፌዋለሁ። 50 በመቶ ማለት በ2 ሚሊ ሊትር 1 ግራም ነው። የመጀመሪያው 4 ግራም 8 ሚሊ ሊትር ይሆናል፤ 12 ሚሊ ሊትር ውሃ ሲጨመር 20 ሚሊ ሊትር፣ ማለትም 20 በመቶ። እሱን ቀስ ብሎ፣ ቢያንስ በ5 ደቂቃ፣ በደም ሥር። ወዲያው በየመቀመጫው 5 ግራም፣ ማለትም ሳይቀጠን 10 ሚሊ ሊትር፣ ከ1 ሚሊ ሊትር 2 በመቶ ሊዶካይን ጋር። ከዚያ በየ4 ሰዓቱ 5 ግራም እያፈራረቁ። 50 በመቶውን ሳያቀጥን በደም ሥር የሚሰጥ ሰው ይኖራል ብላችሁ ካላመናችሁ፣ እኔ በመጀመሪያው ዓመቴ ሲሪንጁን ይዤ ቆሜ ነበር። ያስቆመችኝ አዋላጇ ናት።

ከሁለተኛው ዙር ጀምሮ ሳላይ አልሰጥም፦ ትንፋሿ በደቂቃ 16 እና ከዚያ በላይ፣ ጉልበቷ ሲመታ የሚነሣ፣ ሽንቷ ባለፉት 4 ሰዓታት በሰዓት 30 ሚሊ ሊትር ያላነሰ። የጉልበት መዶሻ የለንም፤ በስቴቶስኮፕ ጠርዝ ነው የምመታው። ማርከሻው ካልሲየም ግሉኮኔት 1 ግራም ከአልጋዋ አጠገብ ይቀመጣል፤ ቁም ሣጥን ውስጥ ተቆልፎ አይደለም።

---

ሦስተኛ ዓመት | ማክሰኞ፣ ከቀኑ 6:00

ይቅርታ፣ እኔ ገና ተማሪ ነኝ። ሰኞ ወደ አራስ ሕፃናት ክፍል ልንገባ ነው። 3 ኪሎ ለሚመዝን አራስ ጄንታማይሲን የተባለው አንቲባዮቲክ በኪሎ 5 ሚሊ ግራም ቢታዘዝ፣ አምፑሉ ደግሞ 80 ሚሊ ግራም በ2 ሚሊ ሊትር ቢሆን ስንት እቀዳለሁ?

---

ልቤ ደረቅ | ማክሰኞ፣ ከቀኑ 6:12

ቀላል ነው። 3 በ5 ሲባዛ 15 ሚሊ ግራም። 15 ለ80 ተካፍሎ በ2 ሲባዛ 3.75 ሚሊ ሊትር።

---

የድሮ ነርስ | ማክሰኞ፣ ከቀኑ 6:20

ወንድሜ፣ አስተውል። አምፑሉ በሙሉ 2 ሚሊ ሊትር ነው። አንተ ለአንድ አራስ ሁለት አምፑል ልታስከፍታት ነው። መልሱ 0.375 ነው። ነጥቧ አንድ ቤት ዘለለች፤ መጠኑ አሥር እጥፍ ሆነ። ጄንታማይሲን ሲበዛ ኩላሊትንና ጆሮን ነው የሚጎዳው፤ ልጁ መስማት አለመስማቱ የሚታወቀው ደግሞ ዓመት ካለፈ በኋላ ነው።

ተማሪዋ፣ ቀመሩን ከማስላትሽ በፊት በዓይንሽ ገምቺ። 15 ከ80 ስንት እጅ ነው? ሩብ እንኳን አይሞላም። ስለዚህ ከአምፑሉ ሩብ በታች መቅዳት አለብሽ። ሒሳቡ ሌላ ነገር ካወጣ የተሳሳተው ሒሳቡ ነው። ለአዋቂ ከሁለት አምፑል በላይ፣ ለአራስ ከአንድ አምፑል በላይ የጠየቀሽ ትእዛዝ ካጋጠመሽ እጅሽ ይቁም፤ ጠይቂ።

0.375ን በትልቅ ሲሪንጅ ለመቅዳትም አትሞክሪ። አምፑሉን በ6 ሚሊ ሊትር ውሃ አቅጥነሽ 8 ሚሊ ሊትር ካደረግሽው በ1 ሚሊ ሊትር 10 ሚሊ ግራም ይሆናል፤ ያን ጊዜ 1.5 ሚሊ ሊትር ትቀጂያለሽ። አቅጥነሽ ካዘጋጀሽ ግን ሲሪንጁ ላይ ጻፊ፤ ሌላው ሰው ያልቀጠነ መስሎት እንዳያሰላው።

---

ልቤ ደረቅ | ማክሰኞ፣ ከቀኑ 6:31

አዎ፣ ተሳስቻለሁ። በስልክ ማስያ ላይ 150 ነው የጻፍኩት መሰለኝ። አላጠፋውም፤ እንዲህ እንዳለ ይቀመጥ።

---

አስታማሚ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 1:05

የጤና ባለሙያ አይደለሁም፤ ጓደኛዬ ናት ይህን ውይይት የላከችልኝ። አባቴን 19 ቀን ሆስፒታል አስታምሜያለሁ። ጆሯቸው ይከብዳል። አንድ ማለዳ ነርሱ መጥቶ «አባባ፣ አቶ ከበደ ነዎት?» አላቸው። አባቴ ሰው ሲያናግራቸው አንገታቸውን መነቅነቅ ልማዳቸው ነው፤ ነቀነቁ። አቶ ከበደ ቀጥሎ ባለው አልጋ ላይ ነበሩ። መርፌው ክንዳቸው ላይ ሊያርፍ ሲል ጮኽኩ። ነርሱ ደነገጠ፣ እኔም ደነገጥኩ። በኋላ ይቅርታ ጠየቀኝ፤ ደግ ልጅ ነበር። ስም ስትጠይቁ ስሙን ራሳችሁ ባትነግሯቸው ምን ነበር?

---

የድሮ ነርስ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 1:30

እግዜር ይስጥሽ። ልክ ነሽ፤ «ስምዎን ከነአባትዎ ይንገሩኝ» ነው የሚባለው። ታላላቆቻችን ለሐኪም «አይደለም» ማለት ነውር ይመስላቸዋል፤ ምንም ብትያቸው «እሺ» ነው። በዚያ ላይ ሞክሼ አለ። በአንድ ክፍል ሁለት ሰው በስምም በአባት ስምም ሲገጥም አይቻለሁ፤ የሚለያቸው የአያት ስምና የካርድ ቁጥር ብቻ ነበር። የአልጋ ቁጥር መለያ አይደለም። ሰው መስኮት ፈልጎ አልጋ ይቀይራል።

---

ከሲልቨር ስፕሪንግ | ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 4:10

ሰዓትም አለ እንጂ! አዲስ አበባ ሳለሁ ሰንጠረዥ ላይ «8 ሰዓት» ተብሎ ብቻ ተጽፎ አንዷ በፈረንጅ አቆጣጠር ጠዋት ሰጠች፣ ሌላኛዋ በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ደገመች። ሁለቱም ሰዓቱን አክብረዋል። በየ8 ሰዓቱ የሚሰጥ መድኃኒት በፈረንጅ 6፣ 14 እና 22 ሰዓት ነው፤ በእኛ ከጠዋቱ 12፣ ከቀኑ 8 እና ከምሽቱ 4። ሰንጠረዡ ላይ 14 ብላችሁ ጻፉ፤ ለአስታማሚው ግን «ከምሳ በኋላ 8 ሰዓት» በሉት።

---

ጤና ጣቢያ | ረቡዕ፣ ከቀኑ 7:45

ሰዓት ካነሣችሁ ጾምም አለ። በፍልሰታ አንዲት እናት በለመዱት ሰዓት ጠዋት ኢንሱሊናቸውን ወግተው ቅዳሴ ሄዱ። እህል የሚቀምሱት ከቅዳሴ መልስ ነበር፤ ከዚያ በፊት ግን ራሳቸውን ስተው ወደ እኛ መጡ። 40 በመቶ ግሉኮስ ሰጥተናቸው ዓይናቸውን ገለጡ። የመጀመሪያ ቃላቸው «ጾሜን አስፈታችሁኝ?» ነበር። መጠኑ ትክክል፣ መድኃኒቱ ትክክል፣ ሰዓቱ ትክክል። ኢንሱሊን ከመስጠቴ በፊት አሁን ሁልጊዜ «መቼ ነው የሚበሉት?» እላለሁ፤ በረመዳንም እንዲሁ። ሐኪሞችም ዩኒት የሚለውን በአንድ የላቲን ፊደል ባታሳጥሩት መልካም ነው፤ ዜሮ ይመስላል፣ 4 ዩኒት 40 ሆኖ ይነበባል።

---

ጀማሪዋ ነርስ | ሐሙስ፣ ከምሽቱ 2:50

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ነገርኳት።

ትናንት ጠዋት ከርክክብ በኋላ ሁለቱን አምፑሎች የክፍል ኃላፊዋ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩና የሆነውን አንድ በአንድ ተናገርኩ። ዝም ብላ ሰማችኝ። ከዚያ ካርቶኑን አስመጥታ አምፑሎቹን ሁሉ ጠረጴዛው ላይ ገለበጠች፤ አንድ ፖታሲየም ደግሞ ተገኘ። በጨለማ አላየሁትም ነበር። አራት ነበሩ ማለት ነው።

ከሰዓት በኋላ አንዷ የቀን ተረኛ ወደ መልበሻ ክፍል ጠራችኝ። «እኔ ነኝ የከተትኳቸው» አለችኝ። አንድ በሽተኛ ሲወጡ ቤተሰቦቻቸው ከውጭ የገዙትን ትርፍ መድኃኒት «ለሌላ ድሃ ይሁን» ብለው ሰጥተዋት ነው። እጇ ሞልቶ ስለነበር ለጊዜው በቀረበው ካርቶን ከተተችው፤ ከዚያ ድንገተኛ በሽተኛ መጣ። አለቀሰች፤ እኔም አለቀስኩ። ኃላፊዋ ስሟን አልጠየቀችም፤ ጠይቃም ቢሆን አልነግራትም ነበር።

ፖታሲየም ከአሁን በኋላ ከመድኃኒት ቤት በታዘዘለት ሰው ስም ብቻ ይወጣል ተብሏል። ቢጫው ቅጽ ተሞልቷል። የደመወዝ ነገር እስካሁን አልተነሣም፤ ልቤ ደረቅ፣ ከተነሣ እነግርሃለሁ።

ትናንት ሌሊት ተረኛ ነበርኩ። ጽሑፉን በአፌ እያነበብኩ ስበጠብጥ ባልደረባዬ «ዳዊት ትደግሚያለሽ እንዴ?» አለችኝ። የሰባተኛው አልጋ አስታማሚ ደግሞ «አሜን» አሉ። አንድ ችግር ግን አለ፦ ሲሪንጁ ላይ የምጽፍበት ማርከር በአልኮል ሲነካ ይለቃል። እናንተ በምን ትጽፋላችሁ?

---

የድሮ ነርስ | ሐሙስ፣ ከምሽቱ 3:02

ሲሪንጁ ላይ አትጻፊ። ወረቀት ፕላስተር ቆርጠሽ በተራ እስክሪብቶ ጻፊበትና ለጥፊ። የሲሪንጁን ቁጥር እንዳይሸፍን ግን በጎን በኩል።